በቀን መቁጠሪያው ላይ የደበቅኩት ሕመም

መጀመሪያ ያስተዋልኩት የውኃውን ነገር ነው። በመቀሌ ዩኒቨርሲቲ፣ እንዳ ኢየሱስ ግቢ በሚገኘው የፊዚክስ ላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ፤ ተማሪ የሰበረውን መሣሪያ እጠግናለሁ፣ የተዛባ ሚዛን አስተካክላለሁ። ጠዋት ሁለት ሊትር ውኃ ይዤ እገባለሁ፣ አራት ሰዓት ሳይሞላ ጠርሙሱ ባዶ ነው። እንደገና እሞላዋለሁ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ያም የለም። ተማሪዎቹ «ጋሼ፣ ዳሎል ሊወርዱ ነው እንዴ?» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። እኔም አብሬ እስቅና ወደ ሽንት ቤት እሮጣለሁ።

ቀጥሎ ቀበቶዬ ላላ። በሚስማር አዲስ ቀዳዳ በሳሁለት፣ ወር ሳይቆይ ሌላ በሳሁ። ባጃጅ ካወረደኝ በኋላ ያለችውን አጭር ዳገት ስወጣ ሁለት ጊዜ መቆም ጀመርኩ። በቆምኩ ቁጥር ከተማዋን የማደንቅ መስዬ ወደ ታች አያለሁ። እውነቱን ለመናገር ጉልበቴ ከድቶኝ ነው።

ሦስተኛውን ምልክት ለማንም አልተናገርኩም። ከባለቤቴ ጋር ስሆን አካሌ እምቢ አለኝ። የመጀመሪያውን ቀን ደክሞኝ ነው ብዬ አለፍኩት፣ ሁለተኛውን ቀን በራት አሳበብኩ። በሦስተኛው ግን ደነገጥኩ፤ ከዚያ ወዲያ ፍርሃቱ ራሱ ሌላ በሽታ ሆነብኝ። እዚህ ላይ ገጹን መግለጥ የሚፈልግ አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም፣ እኔም ዱሮ ብሆን እገልጠው ነበር። ቢታገሠኝ ግን ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ይህ ሕመም ጤናዬን ብቻ ሳይሆን ንግሥቲንም ሊያሳጣኝ ጥቂት ነበር የቀረው።

ንግሥቲ ባለቤቴ ናት። የመቀሌ ልጅ ናት፣ የሁለተኛ ክፍል ሕፃናትን ሒሳብ ታስተምራለች። እኔ ከደብረ ብርሃን ለሥራ መጥቼ ስድስት ወር ሳይሞላኝ ነው ያገኘኋት። ዐሥራ ስድስት ዓመት አብረን ኖረናል፣ ሁለት ልጆች አሉን። ባንክ ተዘግቶ፣ ስልክ ጠፍቶ፣ የመድኃኒት ቤቶች መደርደሪያ ባዶ በነበረባቸው ዓመታት አንድ ዳቦ ለአራት ስንካፈል አንድም ቀን አልተኳረፍንም። ዳቦውም መብራቱም ከተመለሰ በኋላ ነው በገዛ አልጋችን ላይ ጀርባ ለጀርባ የሆንነው። ይህ ነገር እስካሁን ይደንቀኛል።

መደበቂያ ያገኘሁት በጾም ነው። ሁለታችንም ቤተ ክርስቲያን ሳሚዎች ነን። በጾም ባልና ሚስት እንደማይገናኙ የታወቀ ነው፣ ለምን ብሎ የሚጠይቅም የለም። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ አጽዋማቱና በዓላቱ የታተሙበት ትልቅ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። ረቡዕና ዓርብ አሉ፣ የሐዋርያት ጾም አለ፣ ፍልሰታ፣ ነቢያት፣ ዐቢይ ጾም አሉ። እነዚህ አልበቁኝም። ጳጉሜንን ጨመርኩ። ቀጥሎ የፈቃድ የሆነውን የጽጌን ጾም ያዝኩ፣ እሱ ብቻውን አርባ ቀን ነው። ከዚያ ወደ ወር በዓላት ገባሁ፦ አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔዓለም። በመጨረሻ የየበዓላቱን ዋዜማ ማክበር ጀመርኩ። እሑድ ቅዳሴ ስላለ ቅዳሜ ማታ አይታሰብም። ቁጭ ብሎ ላሰላው ሰው በወር ውስጥ የሚተርፈኝ ሦስት ወይም አራት ቀን ነው፣ በእነዚያም ወገቤን ያመኝ ነበር።

ንግሥቲ ምንም አላለችም። እኔ ጥሙን ስለማልችል ከውኃ በቀር ምንም ሳልቀምስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስጾም እሷም ከክፍል ክፍል እየተዘዋወረች፣ በእነዚያ ሁሉ ሕፃናት መሐል እየጮኸች ትጾማለች። ጳጉሜንን ስይዝ ያዘች። ጽጌን ስጀምር ጀመረች። እናቷ «ይህ ሰውዬ ወደ ገዳም እንዳይገባብሽ ጠብቂው» ብለው ሲቀልዱ ቤቱ ሁሉ ይስቃል፣ እሷ ግን አትስቅም ነበር። አለመሳቋን አይቼ ዝም ማለቴ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ለውኃ ጥሙና ለክሳቱ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። አንዱ ክሊኒክ ደም ወስዶ ታይፎይድ ነው አለኝ። ኪኒን ሰጡኝና ለአቅም እንዲሆነኝ ጁስና ለስላሳ እንድጠጣ መከሩኝ። እኔም ምክር አክባሪ ነኝ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጾሜን በሁለት ብርጭቆ ማንጎ ጁስ እፈታ ጀመር። ጥሙ ባሰ። ሌላው ክሊኒክ ሽንት ማብዛቴን ብቻ ሰምቶ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው አለና ሌላ ኪኒን ጨመረልኝ። ሦስተኛው ጋ ስደርስ ከስቼ ፊቴ ጠቁሯል። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ተራ ስጠብቅ አጠገቤ የነበሩ ሴትዮ ሕፃናቸውን ወደ ሌላው ጎናቸው አዛወሩት። የሳንባ ነቀርሳ መስሏቸው ይሆናል። ያን ቀን እዚያ ወንበር ላይ ስለ ሞት አሰብኩ፤ ያሰብኩት ግን ስለ ልጆቼ ማደግ አልነበረም። «ንግሥቲ ሳትጠይቀኝ እሞት ይሆናል» እያልኩ ነበር፣ ይህም እንደ ማረፊያ ሆኖ ታየኝ። ሰው እስከዚህ ድረስ ይደነቁራል።

የዚህኛው ክሊኒክ ወጣት የጤና መኮንን ጥሩ ልጅ ነበር። ብዙ ጠየቀኝ። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በትዳር ግንኙነት ላይስ ያስተዋሉት ለውጥ አለ?» አለኝ።

«የለም። እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት።

ጨጓራ ነው፣ ጾሙን ስላበዙት ነው ብሎ ሸኘኝ። ልጁን አልወቅሰውም። የተበላሸ መሣሪያ ይዞ የመጣን ተማሪ «ምን ስታደርግበት ነው የቆመው?» ስለው «እኔ እንጃ፣ ዝም ብሎ ቆመ» ካለኝ የምናደድ ሰው ነኝ። የሆነውን በሙሉ ካልነገሩኝ እንዴት ልጠግነው እችላለሁ? እኔ ራሴ ግን ለሦስት ክሊኒክ የሕመሜን ግማሽ ብቻ ይዤ ሄድኩ።

ዐቢይ ጾም እየተገባደደ መጣ። ለሌላው ሰው ፋሲካ ደስታ ነው፣ እኔን ግን ፍርሃት ያዘኝ። ከፋሲካ በኋላ ያሉትን ሃምሳ ቀናት የሚያውቅ ያውቃቸዋል፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾሙም። ሃምሳ ቀን ሙሉ መደበቂያ የለኝም። በእርሳስ እንደ ዝንብ አሻራ ባነሱ ነጠብጣቦች የወር በዓላቱን ከነዋዜማቸው ምልክት አደረግኩባቸው፣ ግን አልሞሉልኝም። ያኔ ነው ለወንዶች የሚሸጠውን ኪኒን ለመግዛት የወሰንኩት።

በምንኖርበት ሰፈር፣ በዓዲ ሓቂ፣ ሁሉም ያውቀኛል። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ወደ ቃላሚኖ በኩል ሄጄ ከዚያ በፊት ረግጬው የማላውቀው መድኃኒት ቤት ገባሁ። ባንኮኒው ላይ አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ነበርና ደስ አለኝ። ተራዬ ሲደርስ ሰውዬው ወደ ጓዳ ገባና ጠጉራቸው የሸበተ፣ መነጽር ያደረጉ ሴት ወጡ። መሄድ ነበረብኝ፣ አልሄድኩም።

«እንታይ ክሕግዘካ?» አሉኝ። ፊቴን አይተው ወዲያው ወደ አማርኛ ዞሩ። «ምን ልርዳህ ሓወይ፣ ወንድሜ?»

«ለጓደኛዬ ነው» አልኩ።

«እወ። ጓደኛህ ምን ሆነ?»

ነገርኳቸው። ድምፄ ከመሬት በታች የሚመጣ ይመስል ነበር። እሳቸው አልሳቁም፣ ፊታቸውንም አላዞሩም። ልጄን ጉንፋን ይዞት መድኃኒት የጠየቅኳቸው ይመስል ዕድሜውን ጠየቁኝ። አርባ አራት አልኩ። ያጨሳል? አያጨስም። ጭንቀት አለበት? አለበት። ትንሽ አሰቡና «ውኃ ያበዛል?» አሉኝ።

ስለ ውኃው አንድ ቃል አልተነፈስኩም ነበር። «ያበዛል» አልኩ።

«ሽንትስ?»

«እሱም ያበዛል።»

ዓይናቸው ወደ ቀበቶዬ፣ በሚስማር ወደ በሳኋቸው ቀዳዳዎች ወረደ። «ከስቷል» አሉ። ይህን አልጠየቁኝም። «ይህን ኪኒን አልሸጥልህም። ጓደኛህ ሰኞ ጠዋት ምንም ሳይቀምስ ሄዶ ስኳሩን ይመርመር። ኪኒኑ ቢያስፈልገውም ከዚያ በኋላ በሐኪም ትእዛዝ ነው። ሰማኸኝ? ጓደኛህን ኣጆኻ፣ አይዞህ በለው።»

ከዚያ ሱቅ ባዶ እጄን ወጥቼ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሦስት ክሊኒክ ያላገኘውን አንዲት ሴት ባንኮኒ ላይ ቆመው በአምስት ደቂቃ አገኙት። ከእነዚያ ሁሉ ባለሙያዎች የተለየ ዐዋቂ ስለሆኑ አይደለም። እውነቱን የነገርኩት ለእሳቸው ብቻ ነው፣ ያውም በጓደኛ ስም።

ሰኞ ጣቴን ወግተው አንዲት ጠብታ ደም ወሰዱ። ቁጥሩ ከሦስት መቶ በላይ ነበር። ሐኪሙ ረጋ ያለ ሰው ነው፣ በሚገባኝ መንገድ አስረዳኝ። ስኳር በደም ውስጥ ሲበዛና ሲቆይ ቀጫጭን የደም ሥሮችንና ነርቮችን ይጎዳል አለኝ። ዓይን፣ ኩላሊት፣ እግር ብሎ ቆጠረና «ሌላም ሌላም» ብሎ ተወው። ሌላው ምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ቀጥሎ የምግቡን ሥርዓት ነገረኝ፦ በሰዓቱ መብላት፣ ጁስና ለስላሳ መተው፣ በእግር መሄድ፣ ኪኒኑን አለማቋረጥ። «በባዶ ሆድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መዋል ግን አይሆንም፣ የንስሐ አባትዎን ያነጋግሩ» አለኝ።

ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ በሽታ አለብህ የተባለ ሰው የሚያስበውን ማሰብ ነበረብኝ። እኔ ግን «ጾሙን ከወሰዱብኝ ምን ልላት ነው?» እያልኩ ነው ወደ ቤት የሄድኩት።

ንግሥቲን ስኳር እንዳለብኝ ነገርኳት፣ ሌላውን ዋጥኩት። ጓዳ ገብታ ትንሽ አለቀሰች። ተመልሳ መጥታ «በቃ፣ ስም አለው ማለት ነው። ስም ያለው ነገር ይሻላል» አለችና እኔው ፊት ማንጎውን ሁሉ ሰብስባ ለጎረቤት ሰጠች። በማግስቱ አብረን ወደ ንስሐ አባታችን ሄድን።

አባ በደብሩ ግቢ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘናቸው። ነገሩን ሰሙና ምንም ሳያንገራግሩ «ልጄ፣ ሕመምተኛ ነህ፣ በሰዓቱ ብላ፣ እግዚአብሔር ልብህን ያያል» አሉኝ። ልንነሳ ስንል ንግሥቲ ነጠላዋን አስተካክላ «ኣባ፣ ቀኖናውስ?» አለች።

«የምን ቀኖና?»

«የሰጡት ቀኖና። ጽጌው፣ ጳጉሜኑ፣ የየወሩ በዓል፣ ዋዜማው። እሱስ ይቅርለታል ወይ?»

አባ መጀመሪያ እሷን አዩ፣ ቀጥሎ እኔን አዩ። «እኔ ቤተ ክርስቲያን ካዘዘችው ሌላ በላዩ ላይ የጫንኩበት ጾም የለም» አሉ ቀስ ብለው። «ሂዱ፣ ቤታችሁ ገብታችሁ ተነጋገሩ።»

ቀኖና ማለት አንድ ሰው ኃጢአቱን ሲናዘዝ ካህኑ የሚሰጠው ጾም፣ ጸሎት፣ ስግደት ነው። ለምን እንደተሰጠው ሚስትም ብትሆን አትጠይቅም፣ በእሱና በካህኑ መካከል ነው። ንግሥቲ ምን ስታስብ እንደከረመች ያኔም አልገባኝም። በባጃጁ ውስጥ ጉልበቷን በሁለት እጇ ጨብጣ ይዛ ነበር።

ቤት ስንደርስ ቀትር ነው፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። የቀን መቁጠሪያውን ከሚስማሩ አወረደችና ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። ከቦርሳዋ የተማሪ ደብተር የምታርምባቸውን ሁለት እስክሪብቶዎች አወጣች፣ ቀይና ሰማያዊ።

«ተቀመጥ» አለችኝ። «ከመስከረም ጀምር። የእግዚአብሔርን በቀይ አክብብ። ያንተን በሰማያዊ።»

«ንግሥቲ...»

«አክብብ።»

የሁለተኛ ክፍል ልጅ ሆንኩ። ረቡዕና ዓርቡን በቀይ፣ ነቢያትን በቀይ፣ ነነዌን በቀይ፣ ዐቢይ ጾምን በቀይ። ከዚያ ሰማያዊውን አነሳሁ። ጥቅምት ሰማያዊ በሰማያዊ ሆነ። ጥር ላይ ቀለም የፈሰሰ መሰለ። ከፋሲካ በኋላ ያሉት ቀናት ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ጣቷን በእርሳስ ነጠብጣቦቹ ላይ አደረገችና «እነዚህንም» አለች። ለካ አይታቸዋለች። አከበብኳቸው።

ጨርሼ እስክሪብቶውን ሳስቀምጥ «ሴትዮዋ ማን ናት?» አለችኝ።

«የትኛዋ ሴትዮ?»

«አትዋሸኝ ጌቱ። ይህን ያህል ጊዜ አብሬህ ቀኖና የጾምኩላት ሴት ማን ናት?»

እስኪገባኝ ድረስ ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ። ሲገባኝ ከወንበሩ ተነሳሁ። ንግሥቲ ከሌላ ሴት ጋር በድዬ፣ ተናዝዤ፣ ከባድ ቀኖና የተጫነብኝ መስሏት ነበር። መጠየቅ ነውር ነው ብላ አልጠየቀችም። ትታኝ መሄድ ትችል ነበር። በልቧ ፈርዳብኝ፣ በእኔ ላይ ያለውን ሸክም ግን አብራኝ ተሸከመች። በእሷ ላይ ሠራ ብላ ላሰበችው በደል እግዚአብሔር ይቅር እንዲለኝ እሷ ስትጾም ከረመች። ጽጌን ሙሉ፣ በባዶ ሆዷ፣ ከዚያ ሁሉ ሕፃን ጋር። ዐሥራ ስድስት ዓመት አብሬያት የኖርኩትን ሴት የዚያን ቀን ገና አየኋት ማለት እችላለሁ።

«ሴት የለችም» አልኳት። «ማንም የለም። አካሌ ነው እምቢ ያለኝ። ካለፈው ሰኔ ጀምሮ። ላንቺ መንገር አቃተኝ።»

የሰማያዊውን እስክሪብቶ ክዳን ገጠመች። ከውጭ የባጃጅ ጡሩንባ ይሰማ ነበር።

«ሌላ ምክንያት የለም?»

«የለም።»

«ስለማትፈልገኝ አይደለም?»

«እንዴት እንደዚያ ታስቢያለሽ?»

«ምን ላስብ ታዲያ? አንተ ነግረኸኛል?» አለች። ከዚያ መቁጠሪያውን እንደገና አየችውና «እና ጊዮርጊስን የጨመርከው ለዚህ ነው?» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። «ከነዋዜማው?» «ከነዋዜማው።» ሳቋን ለማፈን አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ሳቋ ወደ ለቅሶ ተለወጠ፣ ለቅሶዋ መልሶ ወደ ሳቅ። እኔም አለቀስኩ። እናቴ ከተቀበረች ወዲህ አልቅሼ አላውቅም ነበር። ዓይኗን ጠርጋ ተነሳችና «ኣንታ፣ ምሳህ ሰዓቱ አልፏል፣ ሐኪሙ ምን አለህ?» ብላ ምስር ወጡን አቀረበች። አብረን በላን።

በሚቀጥለው ቀጠሮ አብራኝ ገባች። ሐኪሙ «ሌላ የሚያስቸግርዎት ነገር?» ሲል እኔ የጫማዬን ክር አየሁ። ንግሥቲ «አለ» አለችና ፊቷ ሳይቀላ በአማርኛ ነገረችው። ሐኪሙ ጭራሽ አልተደነቀም። ስኳር ባለባቸው ወንዶች ላይ የሚደርስ ነገር ነው፣ የሚደብቁት ብዙ ናቸው፣ ስኳሩ ሲስተካከል ብዙ ጊዜ ይሻሻላል፣ ካልተሻሻለም ሌላ ሕክምና አለው አለን። ልቤንና ደም ግፊቴን መረመረ። ከዚያ እሷን አየና «በቤት ውስጥ መነጋገራችሁ ከኪኒኑ አያንስም» አለ። ይህን ከሐኪም አፍ እሰማለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

መነጋገር ግን እንደሚባለው ቀላል አይደለም። ቃሉ ከየት ይምጣ? እኔ ያደግኩበት ቤት ውስጥ ለዚህ ነገር ቃል የለም፣ ስድብ ብቻ ነው ያለው። የእሷም ቤት እንደዚያው ነው። ከፋሲካ በኋላ አንድ ከሰዓት በኋላ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠን ለመጀመር ሞክረን ሁለታችንም ግድግዳ ግድግዳውን አየን። ከብዙ ጊዜ በኋላ እሷ በአማርኛ ጀመረች። በትግርኛ ብትለው አፏ የሚታሰረውን ነገር በአማርኛ አለችው። «ያንተ ቋንቋ ስለሆነ እናቴ የምትሰማኝ አይመስለኝም» አለችኝ። እኔ ደግሞ በተሰባበረ ትግርኛዬ መለስኩላት። ግሱን አበላሽቼ፣ ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ አድርጌ ነው የተናገርኩት። በሳቅ ፈረሰች፣ ግን ገባት። እስከ ዛሬም እንዲሁ ነው የምንነጋገረው፤ ቁም ነገሩ ሲመጣ እሷ ወደ እኔ ቋንቋ ትሻገራለች፣ እኔም ወደ እሷ።

በዚያው ሰሞን ነው የራሷን የነገረችኝ። ሁለተኛ ልጃችንን ከወለደች ጀምሮ ያማታል። አንዳንድ ቀን ከንፈሯን ነክሳ ነው የምታልፈው። ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ዘጠኝ ዓመት! እኔ የራሴን አሥር ወር እንደ ዓለም መጨረሻ ቆጥሬ፣ አጠገቤ የተኛች ሴት ዘጠኝ ዓመት መታመሟን አላወቅኩም። «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። «ቅር እንዳይልህ» አለች። እጇን ያዝኩ። በማግስቱ የሴቶች ሐኪም ዘንድ ሄድን፣ ደጁ ላይ ተራ ይዤ የጠበቅኩት እኔ ነኝ። በወሊድ ጊዜ የተሰፋው ቦታ በደንብ አልዳነም፣ በሕመሙ ምክንያትም ጡንቻው በፍርሃት መኮማተር ለምዷል አሏት። ቅባትና የሰውነት እንቅስቃሴ አዘዙላት። ለእኔ ደግሞ ቀስ ማለትን፣ እየጠየቁ መሄድን አዘዙልኝ።

አሁን ሙሉ በሙሉ ድኛለሁ አልልም። ስኳር አብሮኝ ይኖራል፣ ጠዋትና ማታ ኪኒን እወስዳለሁ። ባጃጁን ትቼ ረጅሙን መንገድ በእግሬ እሄዳለሁ፣ የእንዳ ኢየሱስን ዳገት ሳልቆም እወጣለሁ። አንዳንድ ጊዜ ግን እቆማለሁ፣ በእውነት ከተማዋን ለማየት። አካሌም አንዳንድ ቀን እሺ ይላል፣ አንዳንድ ቀን እምቢ ይላል። እምቢ ሲል «ዛሬ የለም» እላታለሁ፣ እሷም «እሺ፣ ና አውራኝ» ትላለች። ይህችን ሁለት ቃል ለመናገር ያንን ሁሉ ቅዱስ ማስቸገሬ ይገርመኛል።

ባለፈው ክረምት ወደዚያ መድኃኒት ቤት ተመልሼ ሄድኩ። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩኝ፣ ወዲያው ወደ ቀበቶዬ አዩ። አዲስ ገዝቻለሁ።

«ጓደኛህ እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ደህና ነው፣ ስኳር ነበር። የቐንየለይ፣ አመሰግናለሁ ብሎዎታል።»

«ሚስቱስ?»

«እሷም ሰላም ብላዎታለች።»

ሳቁና ሌላ ሰው ወደ ማስተናገድ ዞሩ።

ይህን የጻፍኩት እንደ እኔ ለክሊኒክ የሕመሙን ግማሽ ብቻ ይዞ የሚሄድ ወንድ፣ ከንፈሯን ነክሳ የምታልፍ ሴት እንዳሉ ስለማውቅ ነው። ንግሥቲ አንብባዋለች። አንድ ቦታ ብቻ በቀይ አረመችብኝ፦ «አለቀሰች» ያልኩት ላይ «ትንሽ» የሚለውን ጨምር አለችኝ። ጨመርኩ።

ዘንድሮ ጽጌ በገባ ሰሞን፣ ማክሰኞ ቀን፣ የስኳር ክትትል ቀጠሮ ስለነበረኝ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ቀትር ላይ ቤት ገባሁ። እሷም የጠዋት ፈረቃዋን ጨርሳ ተመልሳለች። አዲሱ የቀን መቁጠሪያ በዚያው ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፣ አንድም ምልክት የለበትም። ምሳ በልተን ስንጨርስ «ጽጌን ትጾማለህ ወይ?» አለችኝ። ይህን ጥያቄ ጠይቃኝ አታውቅም፣ እኔም ጠይቄያት አላውቅም።

«አንቺስ?» አልኳት።

«አብረን እንወስን» አለች።

መቁጠሪያው ፊት ቆመን ተመካከርን። ጾሙ የፈቃድ ነው፣ ፈቃዱም የሁለታችን ነው። አንጾምም አልን።

ልጆቹ እስከ ዐሥር ሰዓት ከትምህርት ቤት አይመለሱም ነበር።